ግራጫ ነው፣ ሰማያዊ

ትሪየስቴ ላይ ቦራ ሲነሳ፣ ንፋስ ብቻ አይባልም፤
ከካርሶ ኮረብታ ሲወርድ፣ ባዶ እጁን አይውልም።
ጠጠር አፍሶ ይመጣል፣
እንደ አበዳሪ በር ይደበድባል።
የኦንዲናን መኪና፣ የአባቷን ላንቺያ አፒያ፣
አንድ ሌሊት አድሮባት፣ ፊቷን ነቁጦባት ሄደ፤
ኮፈኗ ላይ አሥራ አንድ፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ስድስት፣
ቆጠረች፣ በጥፍሯ ጫፍ፣ ላሜራው እስኪሰማት።

ኔሬዎ ከሞተ ሦስት ዓመቱ።
ጋራዡ ውስጥ ግን አለ፣ ያ የወይራ ዘይት ቆርቆሮ፣
ቪቴ የሞላበት፤ ካቻቢቴው፣ እጀታው በፕላስተር ታስሮ።
አለ ደግሞ ያ ክርክር፦
እሱ «ግራጫ ናት» ሲል፣ ኒቨስ «ሰማያዊ» ስትል፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እራት ላይ ሲብላላ፣
አንዱም ሳይረታ፣ አንዱም ሳይላላ።
«ሰማያዊዋ መኪናዬ» ትላለች እናት እስከ ዛሬ፤
ዘጠና ሞላት፣ ዓይኗ ደከመ፤ ክርክሯ ግን ገና ጥሬ።

ኦንዲና የነዳጁን ክዳን ፈታ፣ በመሐረብ ጠቅልላው፣
ሮያኖ ወረደች፣ ቀለም በጥባጩ ዞርኮ ዘንድ ልታደርሰው።
የዞርኮ ጥፍር ሥር የሃምሳ ዓመት ቀለም አለ፤
ክዳኑን ገለበጠ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እንዲህም አለ፦

«የቱን ነው የምትፈልጊው?
ፋብሪካው በመዝገቡ የጻፈውን?
ከላስቲኩ ሥር ተደብቆ ፀሐይ ያላየውን?
ወይስ ይሄን ከላይ ያለውን፣
ስልሳ በጋ የላሰውን?
ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
አንድ ልብስ ግን አይበቃቸው።»

«የተላሰውን» አለች። «ጠጠሩ የመታው እሱን ነው።»

ሚዛኑ ላይ ጣሳ አኖረ። ነጭ አፈሰሰ፣ ብዙ ነጭ።
ከዚያ ጥቁር፣ እንደ ዓይን መድኃኒት፣ በጠብታ።
ከዚያ ቢጫ፣ ለትንኝ እራት የማትበቃ፣
ከእንጨት ጫፍ ተንጠልጥላ።
አማሰለ።

«ሰማያዊውስ?» አለች፣ ዓይኗን ጥላ መደርደሪያው ላይ፣
ያን ቆርቆሮ ክዳኑ እንደታሸገ፣ ማንም ሳይነካው ስታይ።
«ሰማያዊ? ጠብታም የለበት። ጥቁር ነጭን ሲያገባ፣
አንድ ብርድ ነገር ይወልዳል፤ ዓይን ያጭበረብራል።
ሰማዩም በሐሰት ይመሰክርለታል።»

አባቷ ረታ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ተሟግቶ፣ ሞቶ፣ ፍርዱ ዛሬ ወጣ፤
በአንዲት ጣሳ ውስጥ፣ ከሳሹ በሌለበት መጣ።

ዞርኮ ክዳኑ ላይ ጠብ አደረገ። ነጥቡ ነጣ ብሎ ቀረ።
«ይሄማ አይመስልም» ልትል ስትል፣ እጁን አነሳ፦
«እርጥብ ቀለም ይዋሻል። ይድረቅ፤ ያኔ ይናዘዛል።
አምፑሉንም እንዳታምኚ፤ አምፑል ጉቦ ይበላል።»
ወደ ወደቡ ወጡ፣ ወደ ጀምበሯ፣
ክዳኑን እንደ ታመመ ወፍ በመሐረብ ይዘው፤
ነጥቡ ጠቆር፣ ጠቆር እያለ፣
እንደ አፋር ሰው ከሕዝብ መሐል ገባ።
ኦንዲና በጣቷ አገኘችው እንጂ በዓይኗ አጣችው።

ዞርኮ እርሳሱን ላሰ። «ስሙን ማን ልበለው?»
አፏን ከፈተች፣ ዘጋች።
«አፒያ በለው። ሰኞ። በቃ።»

በማግሥቱ ኒቨስ ካፖርቷን ደርባ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠች፤
ኦንዲና በአልኮል እየጠረገች፣
ዝገቱን በካርታ ቬትራ እየፋቀች፣
በስቴኪኒ ጫፍ፣ በየጉድጓዱ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ግራ ፓራፋንጎው ላይ፣ ከመብራቱ ኋላ፣
ማንም የማያይበት፣ አሮጌ ጠብታ አገኘች፤
የብሩሽ ፀጉር እንደገባበት የደረቀ፤ የኔሬዎ እጅ፣ ያ ችኩል እጅ።
ጠጋ አለች።
ሰማያዊ ነበር።
ግራጫ ሊባል የማይችል፣ የለየለት ሰማያዊ።
መቼ ሄዶ ገዛው? ለባለሱቁስ ምን ብሎ ጠየቀው?
እራት ላይ ለምን ዋጠው?

ስቴኪኒውን መለሰች። ያን አልነካችውም።

«ምን አየሽ?» አለች ኒቨስ፣ አንገቷን አስግጋ።
«ሰማያዊ ነው አይደል ያመጣሽው?»
«ይድረቅ እማ፤ እርጥቡ ይዋሻል።»

ኒቨስ ከወንበሯ ተነሳች፣ ኮፈኑን ተደገፈች፣
ጎንበስ ብላ፣ ቀለሙ ላይ እፍ አለችበት፤
ትንሽዬ ቦራ፣ ጠጠር የሌላት።