በሕግ አምላክ

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን መጽሐፍ ይዤ
ከችሎት ቆሜያለሁ፣ በዳኛ ታዝዤ።
የስንቱ መዳፍ ነው ቆዳውን ያሳሳው፣
በላብ አጥቦ አጥቦ ወርቁን ያነሳው!
በግራ መደርደሪያ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ፣
የሙስሊሙ መጽሐፍ ተራውን ሲጠብቅ፤
በቀኝ የኛይቱ፣ ስፌቷ የላላ፣
ለሐቅም ለሐሰት የሆነች ከለላ።

ሐምሌ ነው፣ ማክሰኞ። የቀሃ ጭጋግ
በመስኮቱ ገብቶ ዳኛዋን ሲፈልግ፣
ከሳሿ የሻረግ፣ ከአዘዞ የመጣች፣
ሽንኩርት በመቸርቸር ከችግር የወጣች፤
ተከሳሹ ዋኘው፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ፣
የሰንበቴው ሙሴ፣ ጾመኛ ከጥንቱ።

«ሰማንያ ሺህ ብር በእጄ ነው የሰጠሁ፤
ወረቀት አልጻፍንም፣ ሚካኤልን ጠራሁ፤
እሱ ከመሃላችን ቆሞ ነበር ያኔ፤
ምስክር ካላችሁኝ፣ እሱ ነው የኔ።»

ዳኛዋ ልጅ እግር፣ ድምፀ ስስ ናትና
«ለመልአክ መጥሪያ አይደርስም» አለችና፣
ሳቁን ያፈነ ችሎት ጸጥ ሲል መልሶ
«ዋኘው ይማል» ብላ አዘዘች ጨርሶ።

መጽሐፉን ዘረጋሁ። ወፍጮ ያዋለ እጁ
ነጭ ጣት አተመ፣ በቆዳው፣ በደጁ።
«ሳንቲም አልወሰድኩም» ሲል አልተንቀጠቀጠም፤
ጣራው አልወረደ፣ መብረቅም አልመጣም።
ሕጉ ሕግ ነውና፣ ወረቀት የለማ፤
መዝገቡ ተዘጋ፣ ማኅተሙ ሲሰማ።

እሷ ግን ቀድማው ወርዳ፣ ደረጃው እግር ሥር
ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር።
«በሕግ አምላክ!» አለች። ጮክም አላለችም።

ቆመ።
ባጃጁም ቆመ። ሊስትሮው ብሩሹን
በአየር ላይ ያዘ፣ ፖሊሱም ክብሪቱን፤
የአዲስ ዓለሙ ጨርቅ ሻጭ፣ ሐጅ ኑርዬ፣
ክንዱን እንደዘረጋ፣ «ቁም እንጂ ጌታዬ፣
አቁማሃለችኮ!»
ስንት የልብ ምት ያህል? አራት? አምስት? እንጃ፤
ጎንደር ሙሉ ቆመች በአንድ የችሎት ደረጃ።

ከዚያ ዋኘው ሄደ።
ጫማ ጫማውን እያየ ሄደ።

ይህን ቃል አውቃለሁ፣ ቅዱስ ብቻ አይደለም፤
በዚሁ ቃል ጥላ ያልተፈጸመ የለም።
አያቴ ሲያወጉኝ፦ በዚሁ ስም ታዞ
ቀጥቃጩ ከቀዬው ወጥቷል ጓዙን ይዞ፤
መስቀል በሳመ አፍ ሰው ዋጋ ወጥቶለት፣
ዓርብን እየጾሙ ሸጠውት በዚያው ዕለት።
ስለዚህ «ታቦት ይፍረድ» ብዬ አልጮህም እኔ፤
ዳኛዋ ልክ ነበረች። ግን አልተኛም ጎኔ።

ያቺ ሴት ወጥታ «በአንቀጽ ይሄን ያህል!»
ብትል ማን ይቆማል? ሊስትሮው ይስቃል።
ለፖሊስ፣ ለእስራት፣ ለመቀጮ ሕግ አለ፤
ማንም በሌለበት ግን፣ ሌሊት፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣
ድንጋዩ ሲያጓራ፣
ጆንያው የሰው ሆኖ ቁናው የራስ ሲሆን፣
ዋኘውን ማን ይዳኘው?
እኔንስ?

ማታ ችሎቱ ባዶ። ጨርቅ አነሳሁና
ነጩን ጣት ልጠርግ ስል ተውኩት እንደገና።
ገለጥኩት መጽሐፉን።
ቅጠል ከቅጠሉ ተጣብቆ ኖሯል ለካ፤
ውስጡ እንደ አዲስ ነው፣ ማንም ጣት ያልነካ።
ሃያ ሁለት ዓመት ተማለበት እንጂ
ያነበበው የለም፣ ከእኔ ከያዡ ጀምሮ።

ዘበኛው ብቅ አለ፦ «መብራቱን አጥፋልኝ።»
«ትንሽ ቆይ» አልኩት፣ «ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ።»