አንድ ቃል የሚያህል ትንፋሽ

የዢዩ ሸለቆ ልጅ ነኝ፣ የፔትሮሻን ሰው፤
አያቴም ቆፋሪ፣ አባቴም ቆፋሪ፣
እዚህ ቤት ከአባት ለልጅ ሳል ነው የሚወረሰው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ መብራት ግንባሬ ላይ፣
በጨለማ ወርጄ በጨለማ ወጣሁ፣
ክረምት መጥቶ ሄደ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ሳላይ።

ቀብር ላይ ቄሱ «አፈር ነህ፣ ወደ አፈር ትመለሳለህ» ሲል
በሆዴ እስቃለሁ፤ የኔስ ነገር ሌላ፣
አፈሩ ቸኩሎ፣ ቀኔን ሳይጠብቅ፣ ወደ እኔ ተመልሷል።
ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ መስኮት ላይ ለጥፎ
«ይኸው ነጭ ነጩ» ብሎ አሳይቶኛል፤
ዕድሜ ልኬን ጥቁር ስቆፍር ኖሬ
ውስጤ የቀረው ነጭ መሆኑ ገርሞኛል።

ሚስቴ ሳቬታ ናት «ገዳም ውጣ» ያለችኝ።
ሌሊት ትንፋሼን ትቆጥራለች እንጂ እንቅልፍ የላትም፤
ቍጥሩ ሲቋረጥባት በክርኗ ጐሰም አደረገችኝ፣
ደንግጬ ስነቃ «አይ፣ ምንም፣ ተኛ» አለችኝ።

ወጣሁ።
አርባ ሦስት ደረጃ። ሰባት ጊዜ ዐረፍኩ።
በአራተኛው ዕረፍት አንዲት ያረጀች ፍየል
ጐኔን ታክካ ዐልፋ፣ ዘወር ብላ አየችኝ፤
አፈርኩ።

እማሆይ ቴዎፋና ከማድ ቤቱ ደጃፍ ድንች ይልጡ ነበር።
«ተቀመጥ» አሉኝ፤ ቢላዋቸው ሳይቆም
ነገሩኝ ስለ ጸሎት፣ ደረት ውስጥ ስለሚኖር።
«‹ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ› ብለህ ወደ ውስጥ ሳብ፣
‹እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ› ብለህ መልስ፤
ቀስ ብለህ፣ ከጕድጓድ እንደሚቀዳ ሰው፣ ባልዲው እንዳይፈስ።»

ሞከርኩ። ‹ጌታ› አልኩ፤ ‹ኢየሱስ› ላይ ገመዱ ዐጠረ፤
‹ክርስቶስ› ጋ ሳልደርስ ሳሉ ቀድሞኝ በረረ።
ተናደድኩ።
«ይኼ የጤነኛ ጸሎት ነው እማሆይ፣ የሰፊ ሳንባ፤
እኔ ደረት ውስጥ እንኳን ሰባት ቃል
ነፋስም አይገባ!»

ልጣጩ ሳይበጠስ ረዝሞ ተንጠለጠለ።
«ጴጥሮስ ባሕር ሲውጠው ስንት ቃል አለ?
ትንፋሽህን ለቃሉ አትወጥር፤
ቃሉን በትንፋሽህ ልክ ቍረጠው።
ደግሞ አፈር ሞልቶኛል አትበለኝ፤
ድሮ አፈር ላይ ጐንበስ ብሎ እፍ ያለ ጌታ
ዛሬ ያንተ አፈር ነው የሚያስጠይፈው?»

አንዲት ቃል ቀረችኝ፤ እሷንም ከፈልኳት፤
‹ማ› ወደ ውስጥ፣ ‹ረኝ› ወደ ውጭ፣
እንደ ቀጭን ክር ሳብኳት።

ጸጥታ አውቃለሁ እኔ። ከምድር በታች፣ ምሰሶው ሲንቋቋ፣
ሁላችን ዶማ ጥለን፣ ጆሮ ብቻ ሆነን፣
ትንፋሽ ውጠን ስንቆም፣ ያ የፍርሃት ጸጥታ ነው።
ኦክታቪያን እዚያው ቀረ፣ ጋዙ ሲፈነዳ፤
ከዚያ ወዲህ የምስበው አየር ሁሉ
ግማሹ የሱ ነው፣ ያልተከፈለ ዕዳ።
የማድ ቤቱ ደጃፍ ጸጥታ ግን ሌላ ነበረ፤
ጆሮዬን ጣልኩ፣ ጣሪያው አልተንቋቋም፣
እኔ ያልተከልኩት አንድ ምሰሶ
ሁሉን ተሸክሞ ነበረ።

አልዳንኩም። ይኼ የተአምር ወሬ አይደለም፤
ስወርድም ሦስት ጊዜ ዐርፌያለሁ፣
ፍየሏ ግን የለችም።

ትናንት ሌሊት ሳቬታ ሳትቆጥር ተኛች፤
አፏን ከፈት አድርጋ፣ ደክሟት፣ እንደ ልጅ አንቀላፋች።
መቍጠሩ ለኔ ደረሰ።
ጆሮዬን ወደ ትከሻዋ አስጠጋሁ።
የሷ ትንፋሽ ረጅም ነው፤
ስትስብ ‹ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ› አልኩ በልቤ፣
ቦታ ተረፈ፤
ስትመልስ ‹እኛን ኃጢአተኞቹን ማረን› አልኩ፣
አሁንም ተረፈ።
እስኪነጋ ድረስ፣ ሳላስል፣
ሙሉውን ጸሎት በሷ ደረት ጸለይኩ።