ዜሮ ነጥብ ዜሮ

ከሞጣ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር፣
ትከሻዬን ሲበላው የመፍቻው ክምር፣
የመስከረም ጭቃ ጫማዬን ሲነጥቀኝ፣
ሦስት ሰዓት ሄጄ ጤና ኬላው ታየኝ።

ሲስተር ትሁኔ በር ላይ ቆማለች፤
ሰላምታም ሳትሰጠኝ ነገር ጀመረች፦
«ሦስት ሌሊት በጥርሴ የእጅ ባትሪ ነክሼ ነው
ልጅ የምቀበለው።
የትናንቷ ወላድ ምን አለች መሰለህ?
‹ሲስተር፣ እባክሽን ያንን ከአፍሽ አውጪው፤
አይዞሽ የምትይኝ ድምፅሽን ልስማው።›»

አያ ሙጬ፣ ዘበኛው፣ መሰላል ያዘልኝ፤
«ፓኔሉን በየጧቱ አጥባለሁ» አለኝ፤
«እኔ እያለሁ እዚያ ላይ ወፍም አታርፍበት!»
እውነት ነው። መስተዋት። ፊቴን አየሁበት፤
የባሕር ዛፉም ጥላ ገና አልደረሰበት።

ቴስተሬን አወጣሁ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፦
ፓኔሉ ሃያ ቮልት። ታዲያ ምን ይቸገር?
ፊውዙም ደኅና ነው፤ ሽቦውን አይጥ አልነካው፤
ምን ሆኖ ነው ባትሪው እምቢ የሚል፣ የማይጠጣው?

ወደ ውስጥ ገባሁ። ኮንትሮለሩ፣ ያ ሰማያዊ ሳጥን፣
በአረንጓዴ ዓይኑ ጠቅሶ «ሞልቷል» አለን።
አሥራ አራት ነጥብ አራት። ጠግቧል። በቃው።
አምፔሩን አየሁት፦
ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
ከመቼ ወዲህ ነው የጠገበ ባትሪ
ቤቱን በጨለማ የሚያሳድረው?

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ቻይና ነው» አለ፤
ሌላው የሐምሌውን መብረቅ መሐላ ጠቀሰ፤
የቀበሌው ጸሐፊ ይርሳው ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«አዲሱ ስንት ነው? ንገረን፣ ይዋጣል፤
ጤፉ ሲወቃ ይከፈላል።»
ምላሴ ላይ ነበር ዋጋውን ልናገር፤
ሳጥን መክሰስ ቀላል፤ አፍ የለው የሚከራከር።

ለወጉ ያህል ግን ባትሪው ዘንድ ጎንበስ አልኩ፤
የቴስተሬን ጣቶች ከጫፉ ላይ ሰካሁ፦
አሥራ አንድ ነጥብ አንድ።
ክንድ በማይሞላ በአንድ ሽቦ ላይ
እዚህ ራብ፣ እዚያ ጥጋብ ይገናኛል ወይ?
አንድ ሽቦ ሁለት ወሬ ካወራ
ከመካከል አለ የዋሸ አደራ።

በጣቴ ተከተልኩት፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ላይ፣
እስከ ብሎኑ ድረስ።
ፓኔሉን አስቀድሜ ነቀልኩ።
ብሎኑን ፈታሁ። ሽቦው ወጣ።
አየሁት።

መዳቡን አይደለም ብሎኑ የነከሰው፣
ላስቲኩን ነው፤
ነጠላ ጨብጦ «ያዝኩት» እንደሚል ሰው።
አንዲት ክር መዳብ፣ ፀጉር የምታህል፣
በጠርዙ ሾልካ፣ ስምንት ወር ሙሉ
ያን ሁሉ ፀሐይ ብቻዋን ስታሻግር
ከስላ ጠቁራለች።
ሳጥኑ ምን ያድርግ? ጠባቡ በር ላይ ግፊያውን አይቶ
«ገበያው ሞልቷል» ብሎ እንደሚመለስ ነጋዴ ነው።

ያንን ሽቦ የላጠው፣ ባለፈው ጥር፣
እኔ ነኝ።
የእኅቴ ሰርግ ነበር። ቸኩዬ ነበር።

ላስቲኩን ገፈፍኩት፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፤
መዳቡን ገመድኩት፣ ብሎኑን አጠበቅኩት፣
ጎተትኩት፤ ደግሜ ጎተትኩት።
መጀመሪያ ባትሪው፣ ኋላ ፓኔሉ።
(ያኔም አውቀው ነበር ሥርዓቱን በሙሉ።)
አምፔሩ ተነሣ፦ አንድ፣ ሦስት፣ ሰባት ነጥብ ሁለት፤
አያ ሙጬ ቆቡን አወለቀ፣
ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰ ይመስል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ትሁኔ።
«ላልቶ ነበር» አልኳት።
ማን እንዳላላው ግን አልነገርኳት።
የእጄን ዋጋ እምቢ ብል «ቸር ልጅ» አሉኝ፤
ሰባት እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እንዳይሰበርብኝ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ወረድኩ።
ሲመሻሽ ዞር አልኩ፤
ከጉብታው ላይ አንድ መስኮት በርቷል።
እዚያ ውስጥ ሲስተር አፏ ነፃ ነው፤
«አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላለች።
የእኔ ጥርስ ግን ገጥሟል፣
የእጅ ባትሪ የነከሰ ይመስል።