ልክሽ ስንት ነው?

በረዶው እስኪያልቅ ስመርጥ ከረምኩ፣
ሰባት ነፍጥ ከግድግዳ አወረድኩ፣ ሰቀልኩ።
የኦትስ ክሊንግማን ሱቅ፣ ከመጋዝ ቤቱ ማዶ፣
ምድጃው ተለኩሶ፣ መስኮቱ በረዶ፣
እርሳስ በማንኪያ ሲቀልጥ፣ ሰም ከሞራ ሲዋሃድ፣
እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ በባሩድ፣
ቀና ብሎ ሳያየኝ፦ «ልክሽ ስንት ነው?» አለኝ፤
ስለ ጫማ ይመስል። መልሱም ጠፋብኝ።

የቱልበርት ሸለቆ፣ የዌስት ቨርጂኒያ ጫፍ፣
ሃያ አንድ ዒላማ አለ ከዛፍ ዛፍ፤
ብረት ተቆርጦ ድብ፣ ቀበሮ፣ ጅግራ፣
አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ ከተራራ፣
አንዱ አስር እርምጃ፣ አፍንጫ ስር ያለ፣
አንዱ መቶ አልፎ ቅጠል ውስጥ የዋለ።
እየሄድሽ ነው የምትተኩሺው፤ ጠመንጃሽን አዝለሽ፣
የባሩድ ቀንድሽን ከአንገት አንጠልጥለሽ።
በአፉ ነው የሚበላው፤ ባሩድ፣ ጨርቅ፣ እርሳስ፣
በዘንግ እየገፉ እስከ ሆዱ ድረስ።
ጉርሻ ነው ነገሩ። ጉርሻ ደግሞ ልክ አለው፤
ቢያንስ ቅያሜ ነው፣ ቢበዛ ማነቅ ነው።

ምክር መች ይጠፋል፤ ወንድሜ ሬይፎርድ
«ሃምሳ አራት ያዢ፣ ብረቱ ይራድ!
ያንን የሚያህል እርሳስ ንፋስ አይገፋውም።»
እውነቱን ነው። ትከሻዬ ግን አይችለውም፤
ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ያዞርኩበት፣
ሐኪም ቀዶ የሰፋው፣ ብርድ የሚሰማበት።
አስራ አምስተኛው ላይ ዓይኔ ቀድሞ ይሸሻል፣
ምላጩ ሳይሳብ እጨፍናለሁ።
ማንም አያይም፤ እርሳሱ ግን ያውቃል።

ኮርዲሊያ ስትራውድ፣ ሰማንያን ያለፈች፣
«ሠላሳ ሁለት» አለች፣ ኪሷን ዳበሰች፤
«እርሳስ ውድ ነው ልጄ፣ ባሩድም እንዲያው ነው፤
ይሄ ግን ቁንጥር በልቶ ቀኑን የሚውል ነው።»
ተዋስኳት፣ ተኮስኩ። ከቅርብ ማር ነበረ፤
ከሰማንያ እርምጃ ግን ንፋስ ተናገረ፣
እርሳሷ እንደ ሐሜት መንገድ ላይ ዞር አለች፣
ብረቱን ስታገኝም በሹክሹክታ ነካች።
ዳኛው ጆሮውን ሰጥቶ፣ «አልሰማሁም» አለ።
በዚያ ሸለቆ ሕግ፣ ያልጮኸ ምት የለ።

ሃምሳስ? ሃምሳ የሁሉ ነው፤ እርሳሱ ከየሱቁ፣
ጎረቤት ያበድርሻል ቢያልቅብሽ ስንቁ።
«በዚህ አትሳሳቺም» አለ ኦትስ፣ አቀበለኝ።
አለመሳሳት ግን መምረጥ አልመሰለኝ።

ከጥግ፣ ከመጥረጊያው ጎን፣ አንድ ነበር የቆመ፣
ሰደፉ በናስ ሽቦ ተጠምጥሞ የታከመ፤
አርባ አምስት ነው ልኩ። ባልጩት ነው እሳቱ።
አፈሙዙ ረጅም፣ ወደ ፊት ክብደቱ፤
ሳነጣጥር፣ እጄ የለመደው መንቀጥቀጥ
እንደ ተጫነ ጀልባ ሲረጋ፣ ሲቀመጥ
ታወቀኝ።
«ባልጩት ይከዳሻል ዝናብ ያካፋ ዕለት»
አለ። «ሰውም ይከዳል» ብዬ ከፈልኩት።

በግንቦት ማለዳ፣ ጭጋግ ወንዙን ለብሶ፣
ስምንት ተኮስኩ፤ ስምንቱም ጮኸልኝ ተመልሶ።
ዘጠነኛው ድብ ነው። ሬይፎርድ ከኋላዬ ቆሞ
ስለ ሃምሳ አራት ይሰብካል ደጋግሞ፤
ጨርቁን ዘረጋሁ፣ እርሳሱን ጎሰጎስኩ፣
አነጣጠርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሳብኩ።
ባልጩቱ ቦግ አለ። ከዚያ ወዲያ፣ ጸጥ።
ድቡ ያየኛል፤ እኔም ድቡን ስገላምጥ።

ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን ስለ ልኩ ስጨቃጨቅ፣
ለካ ባሩዱን ረስቼ! ከዚያ ወዲያ ሳቅ።
ሕግ አለ እዚያ፦ ባሩድ የረሳ ለሁሉ ፓይ ይገዛል፤
የሩባርብ። ሃያ ስድስት ሰው ደግሞ ይበላል።
ኮርዲሊያ ጎንበስ ብላ፣ በእሳት መግቢያው ቀዳዳ
ደቃቅ ባሩድ በላባ ጫፍ፣ ቁንጥር በቁንጥር ቀድታ፣
እንደ ሕፃን መድኃኒት በትዕግሥት አዋጠችው።
«አሁን» አለች። ሳብኩ። ጠመንጃው እርሳሱን ተፋው፤
ሩቅም አልሄደ፣ እንደ ደከመ ጥንዚዛ
ሣሩ ላይ አረፈ።

እንደገና አጎረስኩት። መጀመሪያ ባሩድ።

ማታ ኦትስ፣ ጢሙ ላይ የፓይ ፍርፋሪ ይዞ፣
«ልክሽን አገኘሽ?» አለኝ፣ ድምፁ በሳቅ ተይዞ።
ምን ልበለው? አስራ ስድስት ጮኹ፤ አምስቱ ዝም።
ትከሻዬን ዳሰስኩት።
አልታመመም።