እዚያ ላይ አትውጊ

ፖርቬኒር ጤና ጣቢያ፣ ገና በማለዳ፣
ከማጌላን ወሽመጥ ንፋስ ጨው ሲቀዳ፣
ዶን ፎርቱናቶ ገባ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ሃምሳ ዓመት በግ ሸልቶ፣ ወገቡ ደቅቆ።

ግራ እጁን ነው የሰጠኝ፤ ከቀኙ፣ መቀስ ድሮ፣
ሁለት ጣት ወስዶበታል፤ ይስቃል ቀሪውን ቆጥሮ።
ደም ሥሩ ተጋድሟል በእጁ ጀርባ ላይ፣
ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ከበር የሚታይ።
ለነርስ እንዲህ ያለው ሠርግና ምላሽ፣
መዳበስ የለበት፣ መምታት የለው ጭራሽ።

«ንገሪኝ እስቲ ልጄ፣ ይህ ሁሉ ገመድ
በጉብዝናዬ ወራት የት ነበር የሚሄድ?»

እኔም እንደ ተማርሁት፣ ልክ እንደ መጽሐፉ፦
«ስቡ ነው የሸሸ፣ የቆዳው ድጋፉ፤
ቆዳዎም ሳሳ፣ እንደ ሽንኩርት ልባስ፤
ደሙም ሽቅብ መውጣት ሰለቸው፣ ለገመ ለመመለስ፤
ወንዙ አይደለም የሞላ፤ ዳሩ ነው የተናደ።»
ሳቀ። «እንግዲያ እኔም ተሸለትሁ፤ ሱፌ ከላዬ ሄደ።»

ጎማውን አሰርሁለት፤ በአልኮል ጠረግሁት፤
ሁለት የሚከፈለውን፣ መንታውን መረጥሁት።
መርፌው ሊነካው ሲል፣ በሌላው እጁ ሸሽጎ፣
«እዚያ ላይ አትውጊ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኦቲሊያ በቅዳሴ፣ ስብከቱ ሲረዝም፣
በዚህች ላይ በጣቷ ትጓዛለች፣ ቀስ እያለች፣ ዝም።
ከአንጓዬ ተነሥታ ከመንታው ስትደርስ
ትቆማለች። ‹በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ቤታችን› ትላለች በለሆሳስ።
አንድም ቀን እንኳ ወደ ግራ ዞራ አታውቅም።
ባሕር ትፈራ ነበር።»
                    ከዚያ ወዲያ አልደገመም።

ካርዱን ገለጥሁት፤ በሁለት ክረምት ዐሥራ አራት ኪሎ ጎደለ።
ደም ሥር በዚህም እንደሚወጣ መጽሐፌ ምንም አላለ።

ሌላ ፈለግሁ፤ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ቀጭን፣ ጠማማ።
ሁለቴ አመለጠችኝ። ከእሱ ድምፅ አልተሰማ።
በሦስተኛው ደሙ መጣ፤ ብልቃጡ ቀስ ብሎ ሞላ።
ጥጥ አስይዤ፣ «እጅዎን ወደ ላይ» አልሁት በኋላ።

ከልቡ በላይ አነሣው። ጠፋ ያ ሁሉ ገመድ፤
ቤቱም፣ ባሕሩም፤ እጁ የጎረምሳ ሆነ፣ ገና ያላየ መንገድ።

ቀና ብሎ አየው፣ የባዳ እጅ እንደሚታይ።
ጥቂት ቆየ፣ ጥቂት ብቻ፤ እጁም እዚያው ላይ።
ከዚያ አወረደው፣ «ገና ነው» ሳልለው፣ ፈጥኖ፤
ጥጡ ቀላ፤ እሱ ግን፣ መንታው እስኪሞላ
ጠበቀ፣ ትንፋሹን አፍኖ።