ከሆድ

ቂርያት ጋት፣ ከሕንጻው ሥር፣ ያ የድሮው ሚክላት፣
ስንት ዘመን ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ ያደሩበት፣
ዛሬ ወለሉ በጠመኔ ዘጠኝ ቦታ ተሰምሮበት
መድረክ ተባለ። ማክሰኞ ማታ አሥራ አንድ ሆነን አለንበት።

መምህራችን ሲጋሊት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣
ነገሩን በዕብራይስጥ ጀምራ፣ በአማርኛ አጠናቃ፦
«ቀኝ ስል የእናንተን ቀኝ ነው፣ የተቀመጠውን ሰው አይደል፤
ኋላ ስል ግድግዳው፣ ፊት ስል ወንበሩ፤ ይኼን የሳተ ይጋጫል።
ዓይን እንደ ንባብ ነው የሚሄድ፤ የዚህ አገር ሰው ከቀኝ፤
አንቺም ከቀኝ ግቢ» አለችኝ።
እሺ ልል ስል እናቴ ትዝ አለችኝ፤
ሀ ሁን ከግራ ጀምራ፣ በጣቷ እየመራች ያስቆጠረችኝ።
እሷ ከፊት ከተቀመጠች፣ መግቢያዬ የቱ ነው? ማን ይንገረኝ?

«መብራትሽን በዓይን አትፈልጊ፤ ሙቀቱን በጉንጭሽ ስሚ፤
ጉንጭሽ ሲሞቅ ደርሰሻል፤ እዚያች ነጥብ ላይ ቁሚ።
ዝም ስትዪ እስከ ሦስት ቁጠሪ፤ ከሦስት ካለፈ ግን
ሰው ‹ረሳች› ብሎ ያዝንልሻል፤ አንቺም ትሆኛለሽ ምስኪን።»

አስረስ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ አንድ ቀን ቃሉ ጠፋበት፤
አፉን ከፍቶ ደርቆ ቀረ፣ ላቡ እየወረደበት፤
ከዚያ ድንገት፦ «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ባቡር ጣቢያ!»
እኔም ሳላስበው፦ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ ከዚያ።
«ይኸው ነው!» ጮኸች ሲጋሊት፤ «የተሰጣችሁን ተቀበሉ፤
ተቀበሉና ጨምሩበት፤ ‹አይደለም› ብላችሁ አትግደሉ።»

የኔ ጣጣ ድምፄ ነው።
«ከጉሮሮ አይደለም፣ ከሆድ!» ብላ መዳፏን እምብርቴ ላይ፣
«ትንፋሹ እዚህ ይውረድ፤ ጎድንሽ ይስፋ፤ ትከሻሽ ግን ሲነሳ እንዳላይ።
አትጩኺ። ላኪው ብቻ፣
እስከ ኋለኛው ወንበር፣ እስከ መጨረሻ።»

እኔ ግን ያደግሁት «ሆድ ይፍጀው» በሚባልበት፣
ሆድ መናገሪያ ሳይሆን መቅበሪያ በሆነበት፤
አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የገበያ አዳራሽ በር ላይ፣
የሰው ቦርሳ ሲከፍት ሲዘጋ፣ ማንም የሱን ፊት ሳያይ፣
ቤት ገብቶ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት «ደህና» ብሎ ሲቀመጥ
አይቼ የተማርኩ ነኝ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚዋጥ።
ታላቅ ፊት ዓይኔን ሰብሬ እንጂ ቀና ብዬ አላውቅም ነበር፤
«ወለሉ ቲኬት አልቆረጠም» ትላለች፤ «ዓይንሽ ይሻገር!»

የትዕይንቱ ዕለት፣ ሃምሳ የፕላስቲክ ወንበር፤
እናቴ ከፊት፤ ከጎኗ የያዘችው ቦታ ባዶ ነበር።
ከግራ ገባሁ። ሲጋሊት ከመጋረጃው ጥግ አፈጠጠች፤
እናቴ ግን አላየችኝም፤ ስልኳን ስታጠፋ ነበረች።

ጉንጬ ሞቀ። ቆምኩ።
መድረኩ ላይ ላለችው ባዶ ወንበር የጻፍኩትን ቃል ጀመርኩ፦
«አባዬ፣ ዛሬስ…»
የብረቱ በር ተንቋቋ፤ የጥበቃ ልብሱን ሳይለውጥ
ገባ፤ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ ሊቀመጥ።
ትንፋሼን አወረድኩት። ትከሻዬ አልተነሳም።
ወንበሯን ተውኳት፤ ዓይኔንም አልሰበርኩም፦
«አባዬ፣ ዛሬስ በር ላይ ሰላም ያለህ ሰው ነበር?»

አባቴ ተውኔት አያውቅ፤ የተጠየቀ መሰለው በእውነት፤
«አዎ» አለ፣ ግማሽ ቁጭ ብሎ፣ «አንድ ሕፃን ልጅ፣ አምስት ዓመት።»

ሃምሳ ራስ ዞረ። አስረስ ከጎን «ቀጥዪ» አለኝ በከንፈሩ።
የተሰጠሽን ተቀበዪ። ጨምሪበት።
«ምን አለህ?»
«ስሜን ጠየቀኝ» አለ፤
ቆቡን አወለቀ፤ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራትም ቆጠርኩ፤ አምስትም።
«ረሳች» ያለ ግን የለም።