ልክ ያለው መንሸራተት

ሳውዝ ቤንድ፣ ከወንዙ፣ ከመታጠፊያው ዳር፣
በረዶ ሲከመር ከጣራ እስከ አጥር፣
ዜኖን ጎርስኪ ጋራዡን ከፍቶ
የሟች ወንድሙን መኪና በክሪክ አንስቶ፣
ከሥሯ ተኝቷል፣ ጀርባው ካርቶን ላይ፣
የብረት ሆዷ ሆኖለት ሰማይ።

ከካሊፎርኒያ ነው፣ ተጭና የመጣች፣
አቧራዋን ሳታራግፍ በረዶ የጠጣች።
የልጅ ልጁ ቴክላ ባትሪ ታበራለች፤
«ምንድን ነው የምትፈልገው?» ደጋግማ ትላለች።

«ከቡሎኑ ሥር፣ አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ፣
‹ልዩ ዘይት ስጡኝ› የምትል፣ እንደ ድሮ።»
ቆርቆሮዋ የለችም። ዝገት ብቻ፣ ዘይት ብቻ፣
ጠብ... ጠብ... ሲል በሲሚንቶው፣ እንደ ሰዓት ለብቻ።

«ስሚ» አላት ከሥር፣ ድምፁ ብረት ብረት እያለ፦
«ተራው ዲፈረንሻል ቸር ነው፣ ግን ተላላ፤
ጉልበቱን፣ ለጠበቀው ነፍጎ፣ ይሰጣል ለላላ።
አንዷ ጎማ በረዶ ላይ በከንቱ ስትሾር
ሞተሩ የሷ ነው፤ ሌላዋ፣ ደረቅ መሬት የረገጠችው፣
ባዶ እጇን ትቆማለች፣ እንደ ድሃ ዘመድ በድግስ በር።
እናታችን እንዲህ ነበረች።
ለሚንሸራተተው፣ ለብሩኖ፣ ያላትን ሰጠች፤
እኔ የቆምኩት... ቆምኩ እንጂ። ምን ትበለኝ?»

ዝም አለ። ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ፤
ዳብሶ አነሳው፣ ጉሮሮውን ጠረገና ሳቀ።

«ታዲያ አሰቡበት። አስቀድሞ ጀርመን፣
ለእሽቅድምድም መኪና፣ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዘመን፤
ኋላ ግን በኛ ዕድሜ፣ ሃምሳዎቹ ላይ፣
ደረሰ ለተራ መንገደኛ ሲሳይ።
ፍሪሲዮን ነው ነገሩ፤ ሳህን በሳህን ላይ፣ ሞላ ተጭኖት፣
አንዷ ስትቀብጥ ሌላዋን የሚያስጎትት።
ብሩኖና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ገጠምነው፤
ስሙ ‹መንታ ጉተታ›፤ መንታ ነበርንና ለራሳችን ወሰድነው።

ስሙ ግን! ሼቭሮሌ ‹ፖዚትራክሽን› አለው፣
ፎርድ ‹እኩል ቁልፍ›፣ ክራይስለር ‹እርግጥ ጨበጣ›፤
ጎረቤቴ ዊትኮቭስኪ ሁሉንም ‹ፖዚ› ብሎ ገላገለው።
አንድ ሕፃን ስንቴ ክርስትና ይነሳል?
ሻጭ ስም ሲያወጣ መሐላ ይቀናዋል፦
እርግጥ፣ እኩል፣ ደህና፣ ጽኑ...
መሐንዲሱ ብቻ፣ በንድፉ ጥግ፣ በእርሳስ ቀጭኑ፣
‹ልክ ያለው መንሸራተት› ብሎ ጻፈ።
አይንሸራተትም አላለም። ያን ወድጄለታለሁ።

ልዩነትማ ግድ ነው፤ መንገድ ሲታጠፍ
የውጪዋ ጎማ ብዙ አለባት ማለፍ።»

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ገና ሲቃረብ፣
ብሩኖ ወጣ በውጪው መስመር፣ በምዕራብ።
ዜኖን ከውስጥ ቀረ፤ አጭሩን መንገድ ዞረ፤
ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ኖረ።

«ነይ በግራ በኩል። ባትሪውን አስቀምጪ፣ ጎማዋን ያዢ።
ወደ ኋላ ከዞረች ተራ ናት። ከኔ ጋር ከዞረች... ብቻ አጥብቀሽ ያዢ።»
ቀኙን ገፋ።
አልሄደም። ደግሞ ገፋ፣ ትከሻውን ሰጥቶ።
ከወዲያ የቴክላ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጎማው ወደ ፊት ስቦት፤
ከዚያ ጥቂት አፈተለከ፣ ጭርር ብሎ፣ ደግሞ ያዘ።
«ተንሸራተተ» አለች።
«ምን ያህል?»
«ትንሽ።»
ዜኖን ከመኪናዋ ሥር መልስ አልሰጠም።
ዘይቱ ጠብ ይላል። ካርቶኑ ረጥቧል፤ እሱ ግን አልተነሳም።